ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ከዋሽንግተን ስመጣ በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቦሌ ገባሁ። ስመለስ ግን መሃል ላይ አርፈን፣ ነዳጅ ተሞልቶ፣ አሥራ ሰባት ሰዓት ፈጀ። መንገዱ ያው፣ ከተሞቹ እነዚያው። ምንድን ነው ነገሩ?» ትላለች። የታሪክ መምህር እንደሆንኩ ጠፍቷት አይደለም። ክፍል ውስጥ ከርዕስ መውጣት እንደምወድ ስለምታውቅ ነው።

በሦስት መስመር መለስኩላት። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። ይሄ መንገድ እኮ የራሱ ታሪክ ያለው መንገድ ነው፤ ብዙዎቻችሁም አንድ ሰው እዚያኛው ጫፍ ላይ አላችሁ።

መጀመሪያ ርቀቱን እንያዝ። ከቦሌ እስከ ደለስ (ዋሽንግተን የምንለው አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው ቨርጂኒያ ነው፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም) በአጭሩ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌን አሥራ አምስት ጊዜ መሄድ በሉት። «አጭሩ መንገድ» ስል ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። በካርታው ላይ ብታሰምሩ መስመሩ ሰሃራን አቋርጦ በሞሪታኒያ ሰሜን በኩል አትላንቲክ ይገባል። የጂኦግራፊ ክፍሉን ሉል ተውሼ ልጆቹን ክር ሳስወጥራቸው ግን ክሩ ሌላ ቦታ ነው የሚሄደው፦ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ፣ ደቡብ ቱኒዚያን ነክቶ፣ በአልጄሪያ አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ወደ ውቅያኖሱ ይወጣል። ከዚያም ወደ ሰሜን 45 ዲግሪ ድረስ ከፍ ብሎ ቁልቁል ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ልጆቹ ክሩ ውሸታም ነው ብለው ይከራከሩኛል። ዓለም ክብ መሆኗን ሁሉም ይማራል፤ የሚያምነው ግን ክር ሲይዝ ነው።

እርግጥ አብራሪዎቹ ክሩን ይዘው አይሄዱም። ነፋስ ያያሉ፣ የተዘጋ ሰማይ ይሸሻሉ። ሱዳን ውስጥ በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ከተጀመረ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚወጣ አውሮፕላን መዞር ግድ ሆኖበታል። ጎረቤት ሲታመም የኛም መንገድ ይረዝማል ማለት ነው።

እሺ፣ ርቀቱ መልስ ይለያያል እንዴ? አይለያይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከመነሻው ነው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው ያለው። ደለስ 95 ሜትር ገደማ ላይ። እኛ ከፍታ ላይ ስለተወለድን አይታወቀንም እንጂ፣ አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ባህር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ኳስ ሊጫወት የመጣ የቆላ ቡድን ሃያ ደቂቃ ሮጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው። አውሮፕላንም እንደዚያው ትንፋሽ ያጥረዋል። ሞተሩ የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የበለጠ ፍጥነት ደግሞ የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፤ የቦሌው ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፣ ማለቂያ አለው። የጎማውም ነገር አለ፦ የአውሮፕላን ጎማ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ መሬት ላይ እንዲሽከረከር አልተሠራም።

ስለዚህ ምን ይደረጋል? ክብደት ይቀነሳል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ ነዳጁ ብቻ ወደ መቶ ቶን የሚጠጋ ነው። መንገደኛ ይቀነስ ወይስ ነዳጅ? መንገደኛ ከቀነስክ አየር መንገዱ ይከስራል። ነዳጅ ከቀነስክ ደግሞ መንገድ ላይ መሙላት አለብህ። የሚመረጠው ሁለተኛው ነው። በተለያዩ ዓመታት ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ ላይ እየታረፈ ነዳጅ የተሞላው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንዱ «አሜሪካኖች አስቀድመው ሊፈትሹን ነው የሚያስቆሙን» ይላል፤ ሌላው «አውሮፕላኑ አሮጌ ስለሆነ ነው» ይላል። ሁለቱም አይደለም። ያው አውሮፕላን ከደለስ ጠግቦ ነዳጅ ሞልቶ ተነስቶ ያለማቋረጥ ቦሌ ይገባል።

ማረፊያዎቹን በሉሉ ላይ ለክቻቸዋለሁ። በደብሊን በኩል ብትሄዱ መንገዱ 11,830 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከቀጥታው የሚበልጠው ከ300 ባነሰ ኪሎ ሜትር ነው፣ ምንም ማለት አይቻልም። በሎሜ በኩል ግን ወደ 12,750 ይጠጋል። ሰዓቱን የሚበላው ግን መዞሩ ብቻ አይደለም። መውረዱ፣ መሙላቱ፣ እንደገና መነሳቱ ነው። ነፋሱም አለ። በሰሜን አትላንቲክ ላይ ጄት ስትሪም የሚባለው የሰማይ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ወደ አገር ቤት ስትመጡ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትሄዱ ፊታችሁ ላይ ይቆማል። (እህቴ ይሄንን ስነግራት «ነፋሱም ወደ ቤትሽ ግቢ ይላል በለኛ» አለችኝ።)

ሜክሲኮ ሲቲና ቦጎታም የኛው ዓይነት ጣጣ አለባቸው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ስለታቀደው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስፋቱና ስለ ውበቱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ ነው። ለአንድ ከባድ አውሮፕላን ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም።

ፊዚክሱን እዚህ ላይ ልተወው፣ የፊዚክስ መምህራን ጓደኞቼ እያነበቡ ነው። ወደ ራሴ ቤት ልግባ።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ይሄ መንገድ ስንት ጊዜ ይፈጅ ነበር? ማርሴይ የነበረው የአሜሪካ ቆንስል ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1903) የንግድ ውል ሊዋዋል ሲላክ በመርከብ ጅቡቲ ገባ። ባቡሩ ያኔ የደረሰው ድሬዳዋ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በበቅሎና በግመል ነው የመጣው፤ አዲስ አበባ የገባው ታኅሣሥ 8 ቀን፣ ውሉ የተፈረመው ታኅሣሥ 17 ቀን። ዘጠኝ ቀን ብቻ! ከጉዞው ይልቅ ድርድሩ ፈጠነ።

ግን ውሉ በአሜሪካ ጸድቆ ወደ ምኒልክ መመለስ ነበረበት። እዚህ ላይ ያለውን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር እንቅልፋሙ ልጅ ሁሉ ይነቃል። የጸደቀውን ውል ይዞ የተነሳው ኬንት ሉሚስ የሚባል ሰው ነው፤ ወንድሙ ዋሽንግተን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ባለሥልጣን ነበር። በሰኔ 1896 (እ.ኤ.አ. 1904) «ካይዘር ቪልሄልም ሁለተኛ» በምትባል መርከብ አትላንቲክን ሲሻገር፣ መርከቧ እንግሊዝ ልትደርስ ስትል ሰውየው ጠፋ። ከሳምንታት በኋላ አስከሬኑ በእንግሊዝ ዳርቻ ተገኘ። ወደቀ? ተገፋ? እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወረቀቱን ተቀብሎ ምኒልክ ዘንድ ያደረሰው አብሮት ይጓዝ የነበረው ዊልያም ኤሊስ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ ከባርነት ከወጡ ወላጆች የተወለደ ጥቁር ነጋዴ። የአሜሪካንና የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ውል በእጁ ያደረሰው የባሪያ ልጅ ነው ማለት ነው። ይሄ ሰው ስሙ በመማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር።

የኛዎቹስ መቼ ሄዱ? በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1919) ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ፣ ከንቲባ ገብሩና አቶ ስንቀስ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ድል ምክንያት በማድረግ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ሊሉ አሜሪካ ሄዱ፤ ከፕሬዚዳንት ዊልሰንም ጋር ተገናኙ። ባቡሩ አዲስ አበባ ከገባ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። 784 ኪሎ ሜትሩን የለገሃር ባቡር በሦስት ቀን ነበር የሚጨርሰው፤ ማታ ማታ አይሄድማ፣ አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድራል። ከጅቡቲ ወዲያ ያለው ደግሞ ቀይ ባሕር፣ ስዊዝ፣ አውሮፓ፣ አትላንቲክ ነው። ሲሄዱ ስንት ሰው ተሰናብቷቸው፣ ስንት ሰው አልቅሶላቸው እንደነበር አስቡት። ዛሬ በሦስት ቀን ውስጥ ዋሽንግተን ደርሶ መመለስ ይቻላል።

ሰማዩ የተከፈተልን ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946) ከልደታ ተነስቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ በረረ። ልደታ ስል ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ያለበትን ሰፈር የምታውቁ ልጆች አትደንግጡ፤ የአውሮፕላን ሜዳ የነበረው በዚያው አካባቢ ነው። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ባለ ፕሮፔለር ሲ-47 ናቸው። ወንበራቸው በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ ነበር፤ ሰው ትይዩ ተቀምጦ መሃል ላይ ጭነት ይደረደራል። የድሮ አውቶቡስ ከነጆንያው በሉት። ካይሮ በክሩ መንገድ ወደ 2,480 ኪሎ ሜትር ብትሆንም ያኔ ለአንድ ትንፋሽ ብዙ ነበር።

አሁን ሁለት ጉዞዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። በግንቦት 1946 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954) ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አሜሪካን ሲጎበኙ አትላንቲክን የተሻገሩት በመርከብ ነው፤ «ዩናይትድ ስቴትስ» በምትባለው፣ በዘመኑ ፈጣን በነበረችው መርከብ ኒው ዮርክ ገቡ። ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በ1955 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ተረከበ፤ ለነሱ ሲባልም ቦሌ ተሠራ፣ ልደታ ለጄት አትበቃማ። ኅዳር 12 ቀን 1956 (እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963)፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዳላስ ውስጥ ሞቱ። ኅዳር 15 ቀን በቀብሩ ላይ ከሻርል ደጎል ጎን፣ ከፊት መስመር፣ በእግራቸው የሚሄዱት ማን ናቸው? ጃንሆይ። ከሞቱ እስከ ቀብሩ ሦስት ቀን እንኳ አልሞላም። ያንን ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ አጭሩ ንጉሥና ረጅሙ ጄኔራል እየተባለ ይቀለዳል። እኔ ፎቶውን ሳየው ሰዓቱን ነው የምቆጥረው።

ግን ይሄ የነገሥታት ታሪክ ነው። የብዙኃኑ ጉዞ እንዲህ አልነበረም፤ መጻሕፍቱም ስለሱ ብዙ አይሉም። በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚወስደው መንገድ ለብዙ ሺህ ሰው የተጀመረው በእግር ነው። ከጎንደር በመተማ፣ ከሌላውም አቅጣጫ፣ ሌሊት እየሄዱ ቀን እየተደበቁ ገዳሪፍ ገቡ። ከዚያ ካርቱም፣ ከዚያ የስደተኛ ፎርም፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ፣ ከዚያ መጠበቅ። አሜሪካ በ1972 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1980) አዲስ የስደተኞች ሕግ ስታወጣ ከአፍሪካ በብዛት ከገቡት ቀዳሚዎቹ የኛ ልጆች ናቸው። ለነሱ 11,560 ኪሎ ሜትሩ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዱ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ዋሽንግተን ውስጥ ዩ ስትሪት አካባቢ ያሉትን ምግብ ቤቶች፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉትን ሱቆች የከፈቱት ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ናቸው። የአየር መንገዳችን አትላንቲክን መሻገር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ መንገደኛውን በእግሩ ቀድሞ ደርሶ የጠበቀው ያ ትውልድ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን የምር የሚያሳስበኝን ልበል። ድሮ ሰውም ወሬም እኩል ነበር የሚጓዙት። ደብዳቤው በሰው ኪስ፣ ሰውየው በመርከብ። አሜሪካ የሚማር ልጅ የአባቱን ሞት ከወራት በኋላ በደብዳቤ ይሰማ ነበር፤ ያኔ ሐዘኑ የብቻው ነው፣ ግን «ለምን አልደረስክም» የሚለው ሰው የለም። ዛሬ ወሬው በሰከንድ ይደርሳል። ሰውየው ግን አሁንም አሥራ ሦስት ሰዓት ያስፈልገዋል። ከዚያ በፊት ትኬቱ አለ፣ የሥራ ፈቃዱ አለ፣ ፓስፖርቱ አለ። የሰዓት ልዩነቱም ቀላል አይደለም፤ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት፣ በበጋቸው ሰባት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። ማክሰኞ ጠዋት የተነሳ ሰው ረቡዕ ማለዳ ነው የሚደርሰው።

እኛ ደግሞ ቀብር አናዘገይም። አባታችን ያረፈው ማክሰኞ ማታ ነበር። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ቀበርነው። ታላቅ እህቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ እዚያ ላለ ዘመድ ደውለው፣ እሱ ሁለት ሦስት ሰው ይዞ ሲነጋጋ በሯን አንኳክቶ መርዶ እንዲነግራት ተስማሙ። እነሱ በሩ ላይ ሳይደርሱ አንድ የሰፈር ልጅ የአባቴን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ብሎ ነበር። እህቴ ለሥራ ስትነሳ ስልኳ ላይ አየችው። ብቻዋን፣ ወጥ ቤት ቆማ።

የመርዶ ወግ ኋላ ቀር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። መርዶ ማለት ወሬውን ከሰው ጋር አብሮ መላክ ነው፤ የሚይዝህ እጅ ሳይኖር እንዳትሰማ። ስለዚህ እባካችሁ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ሰው ሲሞት ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ውጭ ያሉት ልጆቹ ሰምተው እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ቀን ብትታገሱ ማንም አይቀድማችሁም።

እህቴ ትኬቱን ያገኘችው በማግስቱ ነው። አርብ ማለዳ ቦሌ ገባች፤ ለሠልስቱ ደረሰች። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሲቀንስ ስለ ኬኔዲ ቀብርና ስለ ጃንሆይ አጫወትኳት። ትንሽ ዝም ብላ «እነሱ ሦስት ቀን ስለጠበቁ እኮ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ኬኔዲ እንደኛ በማግስቱ ቢቀበሩ ኖሮ ጃንሆይም የሚደርሱት ለሠልስት ነበር።

ከእናንተ ውስጥ ከ1990 ዓ.ም. በፊት አሜሪካ የሄዳችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ የሄዱ ካላችሁ፣ በየት በየት አድርጋችሁ በስንት ቀን እንደደረሳችሁ ከታች ጻፉልኝ። በሱዳን የወጣችሁ ደግሞ የምትችሉትን ያህል ብቻ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ላነበው እፈልጋለሁ፤ ስም አልጠቅስም።